ከጉልበት ጀርባ ያለው በር

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ አብጦ ልጄ ክሊኒክ ወሰደኝ። እዚህ ፖሎክዋኔ ሰኔ ማለት ብርድ ነው፤ የአገሬ ሰው ደቡብ አፍሪካ ሲባል ሌላ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ካልሲ ደርቤ ነው የሄድኩት። ሐኪሙ ጺሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ልጅ ነው። እግሬን ቀጥ አድርጎ አስተኝቶኝ ከጉልበቴ ጀርባ በሁለት ጣቱ የደም ስሬን ትርታ መፈለግ ጀመረ። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ፤ እንዳገኘ ሆኖ ሊያልፈው ነው። «ዶክተር» አልኩት፣ «ጉልበቴን ትንሽ እጠፈው። ሁለቱንም እጅህን አምጣ። አውራ ጣቶችህ ከፊት ይሁኑ፣ የቀሩትን ከኋላ አስገባና አጥንቱ ድረስ ቀስ ብለህ ተጫን።» እንዳልኩት አደረገና ዓይኑ በራ። «እማማ፣ ነርስ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ እንደነበርኩ ነገርኩት። መኪና ውስጥ ስንገባ ልጄ «እማዬ፣ ሐኪሙን እኮ አስተማርሽው፤ ደፋር ሆነሻል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ያቺን ድፍረት ምን ያህል ዘግይቼ እንዳገኘኋት፣ በማን እግር ላይ እንደተማርኳትም እሱ አያውቅም።

ያኔ የምሠራባት ሶዶ እንዲህ አልነበረችም። አሁን የወንድሜ ልጅ በስልክ የሚያሳየኝ አስፋልትና ፎቅ፣ ባጃጅና ዩኒቨርሲቲ የሌለባት፣ ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም መንገዱን ሞልቶት ሰው ከመታየቱ በፊት ሳሉ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦም በአሥር ሳንቲም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚታደል ሻይ ቤቶች ስኳር ያገኙ ዕለት ደንበኛው ከበር ውጭ ቆሞ ነበር የሚጠጣው። ጎረምሶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ የቴትሮን ጉርድና የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ካለን አምረናል። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ወዳጁ ርቃ የሄደችበት ዘፋኝ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ውስጥ በቴፕ ያለቅሳል። እኔ ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም ነበር፣ ግን በመናኸሪያው ሳላልፍ ሥራ መግባት አልችልምና ግጥሙን ዛሬም ከዳር እስከ ዳር እወጣዋለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። የኛ መዝሙር ደግሞ ጮክ ተብሎ አይዘመርም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ስለሱ ብዙ አልልም። የጸሎት ቤታችን በር ታሽጎ በሰው ጓዳ፣ መስኮት ዘግተን፣ ከንፈር ሳናላውስ እንጸልይ ነበር። ከንፈር ሳያላውሱ መጸለይ እንዲህ ሆኖ ልማድ ሆነብኝ። በጎ ልማድ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ክፉ ነው አልልም።

ከሆስፒታሉ ወደ መርካቶ ሰፈር ሲወረድ የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበረ። መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ክፍሌ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር አቡጀዲ ተሸክመው በእግራቸው የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው፣ ወላይትኛውን ከኛ እኩል እየተናገሩ፣ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ አላፊውን ሁሉ ሰላም እያሉ ያደጉ ሰው ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ረስተው ይዘውት ይሄዳሉ ይባል ነበር። የስፌት መኪናቸውን የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ነው። ግራው ወለሉ ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ቀኙ ይሠራል። ልብሱ ዘገየብኝ ብሎ የሚጨቀጭቃቸው ደንበኛ ሲመጣ ቀኝ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «ይቺን አትቆጣት፣ አምስት ልጅ የምታበላው እሷ ናት» ይላሉ። የሆስፒታላችንን አረንጓዴ ጨርቅ ሁሉ የሚሰፉትም እሳቸው ነበሩ፤ ጋውኑን፣ ጭምብሉን፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለውን የኦፕራሲዮን መሸፈኛ። መሸፈኛውን ልረከብ ስሄድ «አማሬ፣ ይሄ ቀዳዳ ለምን እንደሚሆን እንዳትነግሪኝ» ይሉኛል። አማረች ነው ስሜ፤ አማሬ የሚሉኝ እናቴና እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር መኩሪያ ከሰሜን ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። እንደሳቸው ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሲሠሩ ግን አጠገባቸው መተንፈስ ያስፈራል። አንዲት ጓደኛችን ፋሻ ጎድሎብኛል መሰለኝ ብላ መሐል ላይ ብትጠይቃቸው ቀና ሳይሉ «እዚህ ክፍል ውስጥ አፍ ያለው መሣሪያ አልፈልግም» አሏት። ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ የተጻፈች ያህል ነበረች። የኔ ደግሞ ባሰ። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታችን ወላይትኛ ነው። አንድ ቀን ጢሙ የተንዠረገገ ወታደር በቃሬዛ ተይዞ ሲመጣ «በሽተኛው መጥታለች» ብዬ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር መኩሪያም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቋንቋዬ «እሺ ዶክተር» ብቻ ሆነ። እጄ ግን ፈጣን ነበር፤ ሳይጠሩት መሣሪያውን አቀብላቸዋለሁ። ለዚህም ይወዱኝ ነበር።

መስቀል ሊገባ ሲል ጋሽ ክፍሌ ከዘመዶቻቸው ጋር ለበዓሉ የሚታረድ ሰንጋ ሊገዙ ወደ ሁምቦ ገበያ ወረዱ። ባለበሬው ዋጋ አልቀንስም አለ፤ በሬው ሰባ፣ አልሰባም ክርክር ተነሣ። ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠሩ። «ክርክር ምን ያደርጋል፣ ደረቱን እንለካው» ብለው ሜትሩን ከአንገታቸው አውጥተው በሬውን ሊያቅፉት ጎንበስ አሉ። በሬው ለመለካት አልቆመም። ቀንዱ በቀኝ ጉልበታቸው ውስጠኛ በኩል ገብቶ ከኋላ ያለውን ደም ስር በጠሰው። በዚያው ሜትር ጭናቸውን አስረው፣ መጀመሪያ በጋሪ፣ ቀጥሎ ከጤፍ ጆንያ ጋር በጭነት መኪና ላይ አድርገው አመጧቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ እኩለ ቀን አልፏል። እግራቸውን ነካሁት፤ ጤዛ ያደረበት ድንጋይ ይመስላል። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ትርታ የሚባል የለም።

«አማሬ፣ ትቆረጣለች?» አሉኝ።

«ዶክተር መኩሪያ አሉ ጋሼ። ጌታም አለ።»

«የጌታንስ አውቃለሁ፤ የዶክተሩን ንገሪኝ።»

ዶክተር መኩሪያ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጉልበት ሣሉልን። ያን ቀን የተናገሩት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ይህ ደም ስር ከጉልበት ጀርባ ተደብቆ ነው የሚያልፈው። ቤት ነው በሉት፤ ሦስት በር አለው። ሁላችን የለመድነው የውስጠኛውን በር ነው። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ከጉልበቱ በውስጥ በኩል ጡንቻውን ገለጥ አድርገህ ትገባለህ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ብትል መንገዱ ሰፊ ነው። ዛሬ ግን በዚያ በር በሬው ቀድሞን ገብቷል፤ እበትና አፈር ሞልቶታል። እዚያ የሰፋነው ቢመረቅዝ ይበጠሳል፣ ሰውዬውም ይሞታል። የውጭው በር ጠባብ ነው፤ በዚያ ወደ ታች ልውረድ ካልክ ከቀጭኑ አጥንት መቁረጥ አለብህ። የቀረን የጓሮው በር ነው። በሆዱ እናስተኛዋለን፣ ከጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ቆዳውን አጠማዝዘን እንሰነጥቃለን፣ በቀጥታ እንደርስበታለን። መንገዱ አጭር ነው። ግን ነርቩ ከላይ ነው የተኛው፤ ከደም ስሩ በፊት የምታገኘው እሱን ነው።» ረዳታቸው «ሠርተውት ያውቃሉ?» አላቸው። «ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። «አንዴ።»

ሐኪም የሆነው የወንድሜ ልጅ፣ ዛሬ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ በቀጭን ሽቦና በፊኛ ከብሽሽት ገብተው ይጨርሱታል ይለኛል። «የጓሮው በርስ?» ስለው «እሱማ ዛሬም አለ አክስቴ፣ ቦታው ሲፈቅድ እንገባበታለን» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። አሁን የምነግራችሁ አንድ ነገር ቀርቷል፣ ያለሱ ወሬዬ አይገባችሁም። ደም ስሩ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ስቦ ማገናኘት ካልተቻለ ከደህናው እግር ላይ ሌላ ስር ቆርጦ መሐሉ ላይ መቀጠል ነው። ያ ከደህናው እግር የሚወሰደው ስር ግን በውስጡ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉት፤ ደምን ወደ ልብ ያሳልፋሉ፣ ወደ እግር አያሳልፉም። ስለዚህ ተገልብጦ ነው የሚሰፋው፤ ወደ እግር የነበረው ጫፍ ወደ ላይ ይሄዳል። እንዳይምታታ ወደ እግር የነበረውን፣ የእግሩ ጫፍ የምንለውን፣ በጥቁር ክር እናስር ነበር። የሐር ክር ከጠፋ ቆይቷል፤ ክሩ ከጋሽ ክፍሌ ጥቅል ገዝተን የቀቀልነው ነው።

ከወገባቸው በታች ብቻ አደንዝዘን በሆዳቸው ገለበጥናቸው። መብራቱ ስለሚቆራረጥ በመስኮቱ ብርሃን ነበር የምንተማመነው። ሲገለበጡ የታመመው እግር ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ዶክተር መኩሪያ ያን ወገን ያዙ፣ እኔና መሣሪያዬም ተከትለናቸው ቆመን ወደማናውቅበት ማዶ፣ ወደ መስኮቱ በኩል ተሻገርን። ጋሽ ክፍሌ ጉንጫቸውን ትራሱ ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው፣ አልተኙም። ጨርቁን ስናለብሳቸው ከሥር ሆነው «ዶክተር፣ ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ታዲያ ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም። ግን ከዚህ ሆኜ ሳየው ጠርዙ ጠሟል።»

ሁላችንም ሳቅን፣ ዶክተር መኩሪያም። ከዚያ በኋላ ሳቅ አልነበረም። ነርቩ እንዳሉት ከላይ ነበር፤ እንደ እንቁላል አስኳል በጥንቃቄ ወደ ጎን አስያዙት። ደም ስሩ ከሥሩ ተገኘ፣ መሐሉ ተበሳስቶ። ረዳታቸው ከደህናው እግር ጀርባ የሚቀጠለውን ስር ቆርጦ ሰጠኝ። እንደነበረበት አቅጣጫ ሳላዞረው ጨው ውሃው ሳህን ውስጥ አጋደምኩት። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ክሩ ከስሩ ተላቆ ብቻውን ውሃው ላይ ተንሳፏል። ያን ጊዜ ዶክተር መኩሪያ እጃቸውን ዘረጉና «የእግሩ ጫፍ የቱ ነው?» አሉ።

«በቀኝ ያለው ዶክተር» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው። ስንት ዓመት በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ፣ እኔ በቀኝ ጎኑ ቆሜ፣ ራሱ በግራዬ እግሩ በቀኜ ነበር። እጄ ሌላ አያውቅም።

የላይኛውን ጫፍ መስፋት ጀመሩ። መርፌ ላዘጋጅ ወደ ቀኝ ስዞር የጋሽ ክፍሌን ጸጉር አየሁ። ሽበት ጣል ጣል ያለበት ጸጉር፣ በቀኜ። ራሳቸው በቀኜ ነው። እግራቸው በግራዬ ነው። የእግሩ ጫፍ ያልኳቸው የላይኛው ጫፍ ነበር። ያን ጊዜ ብናገር አራት ወይ አምስት ስፌት ነበር የሚፈታው። ወይም «ዶክተር፣ በመርፌ ውሃ እናሳልፍበትና እንይ» ብል ይበቃ ነበር፤ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ሁሉን ይናገራል። አልተናገርኩም። ያቺ ቃል ግድግዳው ላይ ነበረች፣ ያ ሳቅም ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። የለመድኩትን አደረግሁ፤ ከንፈሬን ሳላላውስ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ባሕር የከፈልክ፣ ይህን ስር አዙርልኝ አልኩ። ላይኛው አለቀ፣ ታችኛው ተጀመረ። እጄ መርፌ ያቀብላል፣ ልቤ ይለምናል። እምነት መሰለኝ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አጥብቄ ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ደሙን የያዙት መቆንጠጫዎች ሲለቀቁ ደሙ ወረደ፣ ስሩ ከላይ በኩል ተነፋ፣ መሐሉ ላይ ቆመ። ከዚያ በታች እንደ ባዶ ከረጢት ጠፍጣፋ ነው። ዶክተር መኩሪያ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ከታች ደም ረግቷል» አሉ ለረዳታቸው፣ «ወደ ታች ልንቀድ ነው፤ ካልሆነም…» ብለው ወደ ጋሽ ክፍሌ ራስ ተመለከቱ። ካልሆነም ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ምላጩን ጠየቁኝ። ምላጩ እጄ ላይ ነው፤ አልሰጠኋቸውም።

«ዶክተር፣ አልረጋም» አልኩ። «ስሩ ነው የተገለበጠው። በግራ ያለውን ልል በቀኝ ያለውን አልኩ። እኔ ነኝ።»

ዶክተር መኩሪያ ቀና አሉ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«አሁን» አልኩ።

ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከጨርቁ ሥር ድምፅ መጣ። «ዶክተር፣ አይቆጧት። ምላጭ ይዛለች።»

ማንም አልሳቀም፣ ግን ክፍሉ ተነፈሰ። ዶክተር መኩሪያ መቀስ ጠየቁኝና ስፌታቸውን ራሳቸው ፈቱት። ስሩን ገልብጠው እንደ አዲስ ሲጨርሱ የመስኮቱ ብርሃን ወደ ቢጫ ዞሯል። በዚህኛው ጊዜ ደሙ አልቆመም። ጣቴን ከቁርጭምጭሚታቸው ጀርባ አሳረፍኩ፤ ብዙ ቆይቶ አንድ ቀጭን ነገር መታኝ፣ ደገመኝ። አለቀስኩ፣ ጭምብሉ ደበቀኝ።

እግራቸው አልተቆረጠችም። ግን ጋሽ ክፍሌ ሲነሡ የእግራቸው መዳፍ አልታዘዝ አላቸው፤ ጣቶቹ ወደ ምድር ይወድቃሉ፣ ሲራመዱ ከፍ አድርገው ነው የሚያሳርፉት። መርገጫ መርገጥ ማለት ዘበት ሆነ። ዶክተር መኩሪያ ብዙ ሰዓት ደም ያጣ ሥጋ ሁሉም አይመለስም አሉ። ስንቱን ሰዓት ሁምቦ በላው፣ ስንቱን እኔ? ይህን የሚነግረኝ ሰው የለም፣ ያኔም አልነበረም። አፍ ስላለው መሣሪያ ያሉትን ቃል ግን ከዶክተር መኩሪያ ሁለተኛ አልሰማሁም። ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ወዲያ ስፌት ሊጀምሩ ሲሉ ዙሪያቸውን አይተው «የሚናገር አለ?» ይላሉ። ያቺን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር «አሁን» ያልኩት ውሸት ትዝ ይለኛል።

ለጋሽ ክፍሌ የተቀቀለ ቦዬ፣ የኛን አገር ስራስር፣ ከዳጣ በርበሬ ጋር ሠርቼ ወደ መኝታ ክፍል አመላለስኩ። በቤታቸውም ጠየቅኋቸው። እውነቱን ለመናገር ስንቴ ሄጄ ስለ ዝናቡና ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ ተመለስኩ። ለጌታ ተናግሬአለሁ፣ ደጋግሜ። ለሳቸው ነው ያልተናገርኩት። ዓመታት እንዲህ ሄዱ፤ የጸሎት ቤቱ በር ተከፈተ፣ መዝሙሩ ወደ ጎዳና ወጣ፣ ካሴት ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ልጄ ወደዚህ አገር መጥቶ ሱቅ ከፈተና ነይ አለኝ። ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ልሰናበታቸው በረንዳቸው ላይ ቆምኩ። አርጅተዋል። ቀኝ እግራቸው የታጠፈ ጨርቅ ላይ አርፏል፤ የሚረግጡት በግራው ነው። ግራ እግራቸውን ከዜሮ ለማስተማር ሁለት ክረምት እንደፈጀባቸው፣ በዚያ መሐል ሚስታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ እንዳኖሯቸው ሰፈሩ ያውቃል።

«ጋሼ» አልኩ፣ ቆሜ። «ያኔ ዶክተሩ መቼ አወቅሽ ሲሉኝ አሁን ነው ያልኩት ውሸት ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ክር መርፌ ውስጥ እያስገቡ።

«ከየት?»

«ፊቴ ወዳንቺ ነበር፣ ጨርቁ ደግሞ ወለል አይደርስም፤ ጨርቅ ቆጥቤ ነው የሰፋሁት። ነጭ ሸራ ጫማሽ ይታየኝ ነበር። ላይኛውን እየሰፉ ሳሉ ተረከዝሽ ድንገት ላይ ታች ማለት ጀመረ፤ መርገጫ የሚረግጥ ነው የሚመስለው። ዕድሜዬን በእግር የበላሁ ሰው እግር አላውቅም? ይቺ ልጅ አንድ ነገር አውቃለች አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? እግሩ የእርስዎ!»

«ዶክተሩን ፈራኋ!» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «በሆዱ የተኛ ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል ቢሉኝስ? አፈርኩ። እግሬ እየሄደች አፈርኩ።»

በረንዳው ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። «እኔ ዝም ብዬ አልነበረም ጋሼ» አልኩ። «እጸልይ ነበር።»

«እሱንም ጠርጥሬአለሁ።» ክሩ ገባላቸው፤ ጫፉን በጥርሳቸው ቆረጡት። «አንቺ እሱን ስትጠብቂ፣ አማሬ፣ እኔ አንቺን እጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ግራ እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳረፉና መኪናዋን አስነሡ።